የኦክ ጠረጴዛ በገዛ እጅ፤ ለቤት ነው ወይስ ለገበያ?



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናነሳው የሱቅ ኪራይን፣ የታክሲ ኢንሹራንስን፣ የግብርንና የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ ነው። የዛሬው ርእስ ከእነዚህ የራቀ ቢመስልም መጨረሻው እዚያው ነው። እዚህ አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሱቃቸውን ዘግተው ወይም ታክሲያቸውን አቁመው በጋራዣቸውና በምድር ቤታቸው እንጨት የሚልጉ አሉ። ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚስበው ደግሞ ያ እግሩ ወፍራም፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የማይበዛበት ቡናማ የኦክ ዕቃ ነው። አሜሪካኖች «አርትስ ኤንድ ክራፍትስ» ወይም «ሚሽን» ይሉታል።

ለቤት ብቻ እስከተሠራ ድረስ ነገሩ ደስታ ነው። ጥያቄ የሚነሳው እንግዳ መጥቶ ጠረጴዛውን በእጁ ዳበስ አድርጎ «ለእኔም ብትሠራልኝ እከፍልሃለሁ» ያለ ዕለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእንጨቱ ነገር የሒሳብ፣ የግብርና የወረቀት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም ምን ያህል እንደሚያዋጣ በቅደም ተከተል እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የስደተኛው ልጅና ኦኩ

ይህ የአሠራር ስልት የተነሳው በእንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ፋብሪካዎች ርካሽና በጌጥ የተጨናነቀ ዕቃ ገበያውን ሲያጥለቀልቁት፣ እንደ ጆን ረስኪንና ዊልያም ሞሪስ ያሉ ሰዎች የእጅ ሥራ ክብር ይመለስ ብለው ተነሱ። በ1887 ለንደን ላይ የተቋቋመው የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ኤግዚቢሽን ማኅበር ለስልቱ ስሙን አወጣለት።

በአሜሪካ ነገሩን ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ጉስታቭ ስቲክሊ ነው። በ1858 በዊስኮንሲን ስቴት የተወለደ ሲሆን፣ ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሙያውን የጀመረው በፔንሲልቬኒያ በአጎቱ የወንበር ፋብሪካ ውስጥ ነው። በ1900 አዲሱን ዕቃውን በግራንድ ራፒድስ የንግድ ትርኢት ላይ አቀረበ፤ በ1901 ደግሞ «ዘ ክራፍትስማን» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ስቲክሊ በመጽሔቱ የዕቃዎቹን ንድፍ እያወጣ አንባቢው በቤቱ እንዲሠራቸው ያበረታታ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በጋራዡ የሚሠራ ሰው ከስልቱ የወጣ ሳይሆን ስልቱ ከመጀመሪያው ያሰበለት ሰው ነው። በዕቃዎቹ ላይ የሚያትመው ምልክት የአናጢ ኮምፓስ ሲሆን፣ በመካከሉ «የምችለውን ያህል» የሚል ትርጉም ያለው የፍላማንድ አባባል ተጽፎበታል።

ሥራው እጅግ ጥሩ ነበር፤ ሒሳቡ ግን እንደ ሥራው አልሆነለትም። በ1913 ስቲክሊ ኒው ዮርክ ማንሃተን ውስጥ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ ይዞ የዕቃ ማሳያ፣ ቢሮና ምግብ ቤት ከፈተበት። የሰው ፍላጎት ወደ ሌላ ስልት ማዘንበል የጀመረበት ጊዜ ነበርና ወጪው ከገቢው በለጠ፤ በ1915 ከሠረ። መጽሔቱም በ1916 ቆመ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ስቲክሊ በ1942 አረፈ። በ1988 እርሱ በሲራኪዩስ ለነበረው ለራሱ ቤት ያሠራውን የምግብ ቤት ቁምሳጥን ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በጨረታ በ363,000 ዶላር ገዛችው። ዕቃው ወርቅ ሆነ፤ ባለቤቱ ግን ከከሠረ 73 ዓመት አልፎታል።

ወንድሞቹ ሊዮፖልድና ጆን ጆርጅ በበኩላቸው በዚያው በኒው ዮርክ ስቴት ያቋቋሙት ኩባንያ ከእርሱ በኋላም ቀጥሏል። ያም ኩባንያ ተዳክሞ ሳለ በ1974 አልፍሬድና አሚኒ አውዲ የተባሉ ባልና ሚስት ገዙት። ሚስትየዋ የሊባኖስ ተወላጅ ናት። የጥንቱን የኦክ ዕቃ እንደገና ማምረት የጀመሩት ከ15 ዓመት በኋላ በ1989 ነው። የስደተኛው ልጅ የጀመረውን ሥራ ሌላ ስደተኛ አነሳችው ማለት ነው፤ ያነሳችውም ቀስ ብላ ነው።

ለምን ኦክ?

አገር ቤት የቤት ዕቃ ሲባል የምናውቀው ዋንዛውን፣ ዝግባውንና ጽዱን ነው። ለዚህ ስልት የሚመረጠው ነጭ ኦክ ነው፤ ያውም «ኳርተርሶን» ተብሎ የሚሸጠው። ግንዱ መጀመሪያ በአራት ይሰነጠቅና ጣውላው ከእምብርቱ ወደ ልጡ አቅጣጫ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ከዛፉ እምብርት ወደ ውጭ የሚሄዱት ጨረሮች በጣውላው ፊት ላይ የሚያብረቀርቅ ነበልባል የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። የዚህ ዕቃ ውበት ከቅርጻ ቅርጽ ሳይሆን ከዚህ የመጣ ነው።

ይሁንና አቆራረጡ የሚጠቅመው ለውበት ብቻ አይደለም። እንጨት እርጥበቱን ሲለቅ ይጠባል። ነጭ ኦክ ከእርጥብነቱ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ 10.5 በመቶ ሲጠብ፣ በጨረሮቹ አቅጣጫ የሚጠበው 5.6 በመቶ ብቻ ነው። በአራት የተሰነጠቀው ጣውላ በወርዱ የሚጠበው በዚህ በሁለተኛው መጠን ስለሆነ የጠረጴዛው ፊት የመጣመምና የመሰንጠቅ አደጋው ያንሳል። ዋጋው ከተራው ኦክ የሚወደደውም ከአንድ ግንድ የሚገኘው ጣውላ ስለሚያንስና መጋዙ ብዙ ሥራ ስለሚጠይቅ ነው።

ሲገዙ የእርጥበቱን መጠን ይጠይቁ። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ6 እስከ 8 በመቶ የሆነው ተስማሚ ነው። ጣውላውን ገዝተው እንዳመጡ አይቁረጡት፤ ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ በመካከሉ አየር እንዲገባ አድርገው ደርድረው ያቆዩት። ምድር ቤትዎ እርጥበት የሚይዝ ከሆነ ግን ከምድር ቤቱ ይልቅ ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል ይሻለዋል።

መገጣጠሙና መቀባቱ

ይህ ዕቃ የሚቆመው በምስማር ኃይል አይደለም። በአንዱ እንጨት ጫፍ ላይ ምላስ ይወጣለታል፤ በሌላው ላይ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ ሁለቱ በኮላ ይያያዛሉ። የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን። ጉድጓዱን አስቀድመው ይሥሩና ምላሱን በእርሱ ልክ እየላጉ ያስገቡት፤ ምላስን ማሳነስ ጉድጓድን ከማስተካከል ይቀላል። በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ሲገለብጡት ግን በራሱ የማይወድቅ ከሆነ ልክ ነው። ኮላ ከመቀባትዎ በፊት ዕቃውን በሙሉ በደረቁ ገጣጥመው በስኳድራ ይለኩት።

የጠረጴዛውን ፊት ከሥሩ ካሉት አግዳሚዎች ጋር በኮላ አያጣብቁት። እንጨቱ በበጋ ሰፍቶ በክረምት ስለሚጠብ መፈናፈኛ ካጣ ይሰነጠቃል። ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርገው ይብሱት፤ ፊቱ ከእነ ብሎኑ ትንሽ ይንሸራተታል።

ለመጀመር ብዙ ማሽን አያስፈልግም። ጥሩ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሦስት ወይም አራት መሮ፣ ስኳድራ፣ መሰርሰሪያና ስድስት ያህል ሞርሳ ይበቃል፤ ጣውላውን አራቱም ጎኑ ተልጎ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። መሮ ሁልጊዜ የተሳለ ይሁን። ኦክ ጠንካራ ስለሆነ በዶለዶመ መሮ ሲገፉት መሮው ስቶ እጅን ያገኛል። ሌላው መጠንቀቅ ያለብዎ ከብረት ነው። ኦክ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካው ይጠቁራል። እርጥብ ኮላ ባለበት ላይ የብረት ሞርሳ ሲያስሩ በመካከሉ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ያድርጉ።

የጥንቱ ቡናማ ቀለም የሚመጣው ዕቃውን በተዘጋ ቦታ በአሞኒያ ጢስ በማጠን ነበር፤ ጢሱ ከታኒኑ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ከውስጥ ይጠቁራል። ለዚህ የሚያገለግለው አሞኒያ ከቤት ማጽጃው እጅግ የበረታ፣ ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን እንዳይሞክሩ እመክራለሁ፤ ተመሳሳይ ቀለም በቆርቆሮ ይሸጣል።

ሁለት ነገር ደግሞ አይዘንጉ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ ስለዚህ ሲልጉና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ማስክ ያድርጉ፣ ብናኙም ወደ መኖሪያ ክፍል እንዳይገባ ያድርጉ። የሊንሲድ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ከድነው ያኑሩት።

አሁን ወደ ሒሳቡ

አንዲት ትንሽ የሳሎን ጠረጴዛ እንውሰድ። እንጨት የሚሸጠው በ«ቦርድ ፉት» ነው፤ አንድ ቦርድ ፉት 144 ኪዩቢክ ኢንች ነው። አራት እግር፣ እያንዳንዱ 2 በ2 በ22 ኢንች፣ 352 ይመጣል። ፊቱ 20 በ20 በ1፣ 400 ነው። የታችኛው መደርደሪያ 14 በ14 በ1፣ 196 ነው። አራቱ አግዳሚዎች እያንዳንዳቸው 16 በ4 በ1፣ 256 ይሆናሉ። ጠቅላላው 1,204 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 8.4 ቦርድ ፉት ያህል ነው። ለቁርጥራጭና ለብልሽት 30 በመቶ ሲጨመር 11 ቦርድ ፉት ይገዛሉ።

ዋጋው እንደየከተማው ይለያያል፤ ለስሌት ያህል ቦርድ ፉቱን በ12 ዶላር እንቁጠረው። እንጨቱ 132 ዶላር ሆነ። ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለምና ቫርኒሽ 38 ዶላር ብንል ጠቅላላው 170 ይሆናል። የመሣሪያ ወጪዎ 1,600 ዶላር ቢሆንና 20 ጠረጴዛ ቢሠሩበት ለእያንዳንዱ 80 ዶላር ይደርሰዋል። አሁን 250 ደረስን። ጠረጴዛውን በ450 ዶላር ቢሸጡት ትርፉ 200 ነው። የፈጀብዎ 20 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 10 ዶላር አገኙ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ግብር ይነሳል። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ይከፍላል፤ የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ከ200 ዶላሩ 28 ዶላር ያህል ይሄዳል። የገቢ ግብርዎ በ12 በመቶ እርከን ላይ ቢሆን ሌላ 20 ዶላር ያህል ይቀነሳል። የስቴቱን ሳንቆጥር እጅዎ ላይ የሚቀረው ወደ 150 ዶላር ገደማ፣ በሰዓት 7 ዶላር ተኩል ነው። በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑን ያስታውሱ። በዚያው 20 ሰዓት ታክሲዎን ቢነዱ ወይም ሱቅዎን ከፍተው ቢቆዩ ምን እንደሚያገኙ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ያንኑ ጠረጴዛ ለቤትዎ ሠሩት እንበል። ሱቅ ሄደው በ450 ዶላር ከመግዛት ዳኑ፤ ያወጡት መሣሪያውን ጨምሮ 250 ነው። የቆጠቡት 200 ዶላር ግብር የለበትም፤ ሙሉው የእርስዎ ነው። በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ለልጅዎም ይተርፋል። አንድ እጅ፣ አንድ እንጨትና አንድ ዓይነት ሰዓት ለቤት ሲሆን 200፣ ለገበያ ሲሆን 150 ያስገኛል። የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። የኦክ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው በገዛ ቤትዎ ነው፤ ወደ ገበያ የሚወጣው ሰዓቱ ተቆጥሮ፣ ዋጋውም በዚያ ልክ ተጨምሮ ነው።

ሱቅ ላላቸው

ምግብ ቤት፣ ካፌ ወይም ሱቅ ያለዎት አንባቢ ለድርጅትዎ ጠረጴዛና መደርደሪያ በራስዎ እጅ ቢሠሩ ከግብር የሚቀነሰው የዕቃው ወጪ ነው። ደረሰኙን ይያዙ። የራስዎን ጉልበት ዋጋ አውጥተውለት ወጪ ነው ብለው መጻፍ ግን አይችሉም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ወጪ አይሆንም። ከ2016 ጀምሮ አነስተኛ ድርጅት በየዓመቱ ምርጫውን በግብር ቅጹ ላይ አያይዞ ካሳወቀ ዋጋው ከ2,500 ዶላር ያልበለጠን አንድ ዕቃ ለብዙ ዓመት ሳያከፋፍል በአንድ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል። መጋዙና መላጊያው ለድርጅቱ ሥራ እስካገለገሉ ድረስም በዚሁ ይታያሉ።

የገንዘብ መቀበያ ባንኮኒ ሲሠሩ የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ያስቡ። በ2010 የወጣው ደረጃ የባንኮኒው አንድ ክፍል ከ36 ኢንች ከፍታ እንዳይበልጥ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛም ለተሽከርካሪ ወንበር በሚዘጋጀው ቦታ ከ28 እስከ 34 ኢንች እንዲሆን ይጠይቃል። ኦክን ኮላ ከነካው በኋላ ማሳጠር ከባድ ነው።

ለመሸጥ ከወሰኑ

አይ.አር.ኤስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ሥራ ነው ወይስ መዝናኛ?» ብሎ ነው። መዝናኛ ከሆነ ገቢው ግብር ይከፈልበታል፤ የተሸጠው ዕቃ የተሠራበት እንጨት ዋጋ ከሽያጩ ቢነሳም ሌላው ወጪ ከ2018 ጀምሮ አይቀነስም። ሥራ ከሆነ በሼጁል ሲ ይመዘገባል፤ ታክሲውም በሼጁል ሲ የሚሄድ ከሆነ ለአናጢነቱ ሌላ ቅጽ ይሞላል። ከተከታታይ 5 ዓመት ቢያንስ በ3ቱ ካተረፈ ሕጉ ሥራ ነው ብሎ ይገምተዋል። የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ መዝገብና ደረሰኝ ያለው ሰው ክርክሩ ጠንካራ ነው። በየዓመቱ የጋራዡን ኪሳራ እያሳየ የታክሲውን ገቢ የሚያሳንስ ሰው ግን ጥያቄ እየጠራ ነው።

ከአላስካ፣ ከደላዌር፣ ከሞንታና፣ ከኒው ሃምፕሺርና ከኦሪገን በቀር ስቴቶች ሁሉ የሽያጭ ግብር ያስከፍላሉ፤ ከመሸጥዎ በፊት የሽያጭ ግብር ፈቃድ ያውጡ። የኪራይ ውልዎና የሠፈሩ ደንብ በቤት ውስጥ መሥራትን ይፈቅድ እንደሆነ ያንብቡ። የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ከንግድ ሥራ የተነሳን እሳት አይሸፍንምና ኩባንያውን አስቀድመው ይጠይቁ። ለወዳጅም ቢሆን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ የእንጨቱን ዋጋ በቅድሚያ ይቀበሉ።

የወረቀት ጉዳይ

ለራስዎ ቤት ወንበር መሥራት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። መሸጥ ግን ሥራ ነው። ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ ያለው ሰው በራሱ ሊሠራ ይችላል። በኤፍ 1 ቪዛ ያለ ተማሪ ያለ ፈቃድ ለገበያ ቢሠራ፣ በኤች 1 ቢ ያለ ሠራተኛም ካስመጣው ድርጅት ውጭ ቢሠራ፣ ለአንዲት ጠረጴዛ ሲል ሕጋዊ መኖሪያውን አደጋ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ገንዘብ ከመቀበል በፊት ፈቃድ ያለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጠየቅ ነው።

ፈቃድ ያላቸው ደግሞ «በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ማን ያየዋል?» የሚለውን ምክር አይስሙ። ወላጅዎን ወይም የትዳር ጓደኛዎን ለማምጣት አይ 864 ሲሞሉ ገቢዎ በአብዛኛው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ የሚታየውም ለግብር ያሳወቁት ገቢ ነው። ያልተጻፈ ዶላር እናትዎን አያመጣም። ለዜግነት በሚሞላው ኤን 400 ላይም ያልተከፈለ ወይም ያልቀረበ ግብር እንዳለ ይጠየቃሉ፤ መልሱም በመሐላ ነው። በሌላ በኩል ያሳወቁት ትርፍ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ በሚያስፈልጉት 40 ነጥቦች ውስጥ ይቆጠርልዎታል።

እንግዲህ መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ ለቤትዎ ይሥሩ። ከመጋዙ አጠገብ ደብተር አስቀምጠው የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የገዙትንም እንጨት ይጻፉ። ሁለተኛውን ሲሠሩ ሰዓቱ ምን ያህል እንደቀነሰ ያያሉ። ሰው «ለእኔም ሥራልኝ» ሲልዎ ዋጋውን ከደብተሩ ይንገሩት እንጂ ከይሉኝታ አይንገሩት። ዋጋው በዝቶበት ከተወው ወዳጅነታችሁ እንዳለ ነው፤ ጠረጴዛውም ከቤትዎ አልወጣም።

መልካም ሥራ።